የደረቁ ችግኞች ካርታ

ችግሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው ትልቅ ቆጣሪ መቶ እጅ ጋዝ አለፈ ይላል፤ የየቤቱ ቆጣሪዎች ሲደመሩ ደግሞ ዘጠና አራቱን ብቻ ያውቃሉ። ስድስቱ የት እንደገባ የሚናገር የለም። ስድስቱን ፈልጎ እንዲያመጣ የተቀጠረው ሰው ስለ ጋዝ የሚያውቀው ምድጃ መለኮስ ብቻ ነበር።

ሰውየው አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት የኖረው በውሃ ድርጅት፣ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ ሲያስስ ነው። ረጅም የብረት ዘንግ አስፋልት ላይ ያቆማል፣ ጫፉን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያም «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው «ጆሮ» ይለዋል፤ ሚስቱም ጭምር። ድርጅቱ በራሱ የሚያዳምጥ መሣሪያ በየቧንቧው ላይ ሲገጥም ግን ጆሮ ትርፍ ሰው ሆነ። የጋዝ ኩባንያው ለስድስት ወር ሙከራ ወሰደው። ማፍሰስ ያው ማፍሰስ ነው ተባለ፤ እሱም አመነ።

መጀመሪያ ዘንጉን ይዞ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አዳመጠ። የጭነት መኪና ሰማ፣ የሰው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሰማ፣ ጋዝ ግን አልሰማም። በመንደር ቧንቧ ውስጥ ያለው ጋዝ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ሲያፈስ እንደ ውሃ አይጮህም። ጆሮ ወደ ሁለተኛው ጥበቡ ዞረ። በበጋ፣ ሣሩ ሁሉ አመድ በመሰለበት ሰፈር፣ ለብቻው የለመለመ ቦታ ፈለገ። አገኘ። አስቆፈረ። ውሃ ወጣ።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ላከ። በጋዝ ኩባንያው ያለችው አለቃው፣ በዕድሜ በአሥራ አራት ዓመት የምታንሰው ኢንጂነር፣ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችና ፋይሉ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠችው።

ጆሮ መጽሐፉን ማእድ ቤት ተቀምጦ፣ በእርሳስ እያሰመረ አነበበ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ጋዝ ሲቃጠል ከድንጋይ ከሰል ጋር ሲነጻጸር የሚለቀው ካርቦን ግማሽ ያህል ነው። ለዚህ ነው ኩባንያው «የሽግግር ነዳጅ» የሚለው፤ ፀሐይና ነፋስ ለሁሉም እስኪበቁ ድረስ መሻገሪያ ይሁን ማለት ነው። ሳይቃጠል ካመለጠ ግን ሌላ ነገር ነው። በሃያ ዓመት ሲታሰብ፣ ያመለጠው ጋዝ ከዚያው ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ገደማ ሙቀት ያፍናል። ስለዚህ ከመቶ ሦስት ያህሉ ካመለጠ ከከሰል መሻሉ ቀረ።

«ይገርምሻል!» አለ ሚስቱን። «ይሄ ሁሉ ሙግት የተንጠለጠለው ለካ ማፍሰስ ላይ ነው!»

«ጆሮ፣» አለች፣ «ሽንኩርቱ አረረ።»

የሚስቱ ወንድም የሶላር ሰሌዳ ሻጭ ነው። እሁድ ምሳ ላይ ለዚህ ዜና ልዩ ፍቅር አሳየ።

«አማቼ፣ በዚህ ዕድሜህ የሚሞት ሙያ ትማር?»

«እስኪሞት ድረስ ማን ይድፈነው?»

«ስድስት በመቶ! እኔ ስንት ዓመት ፀሐይ ስሸጥ አንድ ጠብታ አፍስሼ አላውቅም።»

«ማታስ?»

«ማታ ተኛ።»

ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ኢንጂነሯ ጠራችው። «እርስዎን ሥራ ላይ ለማቆየት ለቦርዱ የማሳየው ቁጥር ያስፈልገኛል፤» አለች። «በእጄ ያለው አንድ የውሃ ደብዳቤ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሲያልፍ የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ አትክልተኛ ጉድጓድ ሲምሱ አገኛቸው። አጠገባቸው አንድ ችግኝ ተቀምጧል፤ ጆሯቸው ላይ ሲጋራ ሰክተዋል።

«ደህና አደሩ አባባ። ምን ሊተክሉ ነው?»

«ልተክል? ልቀብር በለኝ ልጄ። እዚችው ቦታ አራተኛዬ ነው። ርዕሰ መምህሩ እጅህ መርዝ ነው ብሎኛል፣ ልጆች ፊት።»

«ይሸታል እንዴ እዚህ?»

«አፈር አፈር ነው የሚሸተው።»

ጆሮ ቆመ። ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የምናውቀው ያ የሚከረፋ ነገር ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። አፈር ውስጥ ረጅም መንገድ ሲሄድ ግን አፈሩ ሽታውን ሊያስቀርበት ይችላል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፤ ጋዙ አየሩን ከአፈሩ ሲገፋው ሥሩ ይታፈናል። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ እሱ ራሱ አስምሮበታል። ነገር ግን ሃያ ሦስት ዓመት አረንጓዴ ሲፈልግ የኖረ ዓይን የደረቀውን ሁሉ እየዘለለ ያልፍ ነበር።

«አባባ፣ ሲጋራውን ለጊዜው እንዳይለኩሱት፤» አለና ኩባንያው የሰጠውን የጋዝ መለኪያ አውጥቶ ቱቦውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ መሣሪያው ጮኸ። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ የሚል ጩኸት ሰምቶ አያውቅም።

«ምን አለህ?»

«እጅዎ ደህና ነው አለኝ። ችግኞቹን የገደልናቸው እኛ ነን።»

ሽማግሌው ዶማቸውን ተደገፉ። ከዚያ፣ «ይህችን ነገር ርዕሰ መምህሩ ፊት ትደግማታለህ?»

ደገማት። ልጆች ፊት።

ሲቆፈር፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፈው አሮጌ ቧንቧ ዘጠኝ መጋጠሚያ ላይ መድፈኛው ደርቆ ተገኘ። ተጠገነ። ስድስቱ ወደ አራት ነጥብ አራት ወረደ፤ ጆሮም ቋሚ ሠራተኛ ሆነ።

«አራት ነጥብ አራትም ቢሆን ከከሰል አይሻልም፤» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ልክ ነህ፤» አለ ጆሮ። ይህ መልስ ሰውየውን በጣም አናደደው። በሳምንቱ ግን ራሱ ደወለ፤ የግቢው የሎሚ ዛፍ ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ጆሮ መሣሪያውን ይዞ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ አራት ቦታ ለካ።

«ጋዝ የለም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«አጠጣው።»

አሁን ጆሮ ዘንጉን እቤት ትቶ ነው የሚወጣው። አትክልተኛ፣ ዘበኛ፣ በረንዳዋ ላይ የአበባ ማሰሮ የደረደረች ሴት ሁሉ ይጠይቃል፤ «ተክል ደጋግሞ እምቢ ያላችሁ ቦታ አለ?» ያሉትን ካርታ ላይ ይሰካል። እስካሁን አርባ አንድ ቦታ ሆኗል። አሥራ አንዱን ለክቷል፤ ሦስቱ ጋዝ፣ ስምንቱ የውሻ ሽንት። ከሦስት በመቶ በታች ለመውረድ ያለው ጊዜ ዝናብ እስኪገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይለመልማል፣ የደረቀውም ከሌላው አይለይም።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ላይ ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ። ባለ ዳቦ ቤቷ በሩ ላይ ቆማ የደረቀውን ተክል በየቀኑ እንደምታጠጣው ትምላለች። ሰማዩ በአንድ ወገን ጠቁሯል። ጆሮ ተንበርክኮ ቱቦውን አፈሩ ውስጥ እየከተተ ነው።