ሰው እስኪሞት ስንጠብቅ

በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ሰው እስኪሞት ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ ቢባል፣ ሰሚው ስለ ካድሬ የሚወራ ይመስለዋል። ካድሬ አልነበርንም። አንደኛው ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ ልብስ የሚሰፉ ሐጂ ናቸው። ሁለተኛዋ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ፍርድ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ፍርድ በታይፕ ስቀጠቅጥ የምውል፣ ምላሴ ከጣቶቼ የሚፈጥን ሴት። ሥራችን ከወህኒ ቤት የሚፈታን ሰው ተቀብሎ ወደ ሰፈሩ መመለስ ነበር። ለማኅበራችን ስም አላወጣንለትም። ስም ቢኖረን ቀበሌ ማኅተም ይጠይቀናል፤ ማኅተም ቢኖረን ደግሞ ሊቀ መንበር ይሾምብናል። ስለዚህ ለጠየቀን ሁሉ ልብስ ልንለካ ነው የመጣነው እንል ነበር። አንድ ቀሚስ ስንት ዓመት ይለካል ያለን የለም፣ ተመስገን ነው።

ማን መቼ እንደሚፈታ እኔ ከቢሮ እሰማለሁ። ሲስተር የሰውየውን ሳል ታዳምጣለች፣ ቅማሉን ታስራግፋለች። ሐጂ ከደንበኛ ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ ሱሪ ይሰፉለታል፤ አንዱ እግሩ ቡኒ፣ አንዱ ግራጫ ቢሆንም ሱሪ ሱሪ ነው። ከዚያ ሻይ ይመጣል፣ ግን አንድም ቀን ትኩሱን ጠጥተን አናውቅም። ሐጂ ዱአቸውን ያስረዝማሉ፤ እሳቸው ጨረሱ ስንል ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ትጀምራለች። ጴንጤ ናት፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ያጠራቀመችውን ሁሉ እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው የምታወጣው። እኔ በመሀል ሻዩን አያለሁ።

ሱሪና ሻይ ግን ሰውን ሰፈሩ አይመልሱትም። የሚመልሰው ቅሬ ነው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሞተውን ይቀብራል፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ቅሬ የሌለው ሰው ጎረቤት የለውም። ጎረቤት ካልመሰከረለት ቀበሌ አይመዘግበውም፤ ካልተመዘገበ መታወቂያ የለ፣ ሥራ የለ፣ የራሽን ስኳር እንኳ የለ። ወህኒ የወረደ ደግሞ ከቅሬው ይሰረዛል። ልመለስ ብሎ በስብሰባ ቢጠይቅ አንዱ ተነሥቶ ይቃወመዋል። በዚያ ዘመን ቀበሌ ስብሰባ ላይ መቃወም ያልቻለው ሁሉ ንዴቱን የሚወጣው ቅሬ ላይ ነበር።

ሐጂ መላ አገኙ። ሰው ሲሞት የተፈታው ሰው ዶማውን ይዞ መቃብር ላይ ይገኛል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቆፋሪው ደክሞታል፣ ዶማ ይዞ የመጣን ሰው ማን ሂድ ይለዋል? ቆፍሮ ሲያበቃ ከለቀስተኛው ጋር አንድ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ከቃመ ነገሩ አለቀ። እንዲህ እያደረግን ሌባውንም፣ ተደባዳቢውንም አስገብተናል። የመላው ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ሰው መሞት አለበት።

አንድ ዓመት በበዓል ምህረት ከተፈቱት ውስጥ ሰኞ ገበያ ተሸካሚ የነበረ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሰው ነበረበት። የእኛው ሰፈር ሰው ነው። አንድ ኩንታል እህል እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም ተባብሎ፣ የሥራ ጓደኛውን በያዘው ዱላ መታው፤ ጓደኛው በዚያው ቀረ። ፍርዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ይግባኝ ትላለህ ወይ ሲሉት፣ ለማን ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። እስር ላይ ሳለ ሽማግሌ ገብቶ፣ የሟች አጎቶች ካሣ ተቀብለው፣ በግ ታርዶ ደሙ ደርቋል። ስለዚህ የቀረው ቅሬው ብቻ መሰለን።

ሰውየው ሲወጣ እናቱ ሞታ፣ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞት ደረሰ። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ያሳድሩታል፤ ቀን ኮምቦልቻ እየወረደ ከመኪና ጭነት ያራግፋል። ያለ መታወቂያ እስከ መቼ ያሠሩታል? እስከ ኢድ ሰፈር ካልገባሁ አሰብ እወርዳለሁ አለን። አሰብ ወደብ ለሸክም ወርዶ፣ ወሬው እንኳ ያልተመለሰ ሰው ያላወቀ የለም። ሐጂ ሊያጽናኑት፣ አብሽር፣ ኢንሻአላህ ከኢድ በፊት አንድ ሰው ይሞታል አሉት። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የደነገጡት።

ያን ዓመት ደግሞ ሰው አልሞትም አለ። አንድ ሽማግሌ አበቃላቸው ተብለን ዶማው ከተሳለ በኋላ፣ አጥሚት ጠጥተው ተነሡ፤ በሳምንቱ ሰኞ ገበያ በግ ሲያስማሙ አገኘኋቸው። በሕይወቴ በሰው ጤና እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሲስተርም ጌታ ይቅር ይበለኝ እያለች ከሆስፒታል ወሬ ታመጣለች። እንዴት ዋልሽ ስላት ሁሉም እየዳኑብኝ ነው ትለኛለች፤ ነርስ ናት እንግዲህ።

በዚህ መሀል የሟቹ እናት ታመሙ ተባለ። ከእኔ ቤት በላይ፣ መኪና የማይገባበት ዳገት ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እግራቸው አብጦ ከአልጋ አይወርዱም፤ ቅሬው ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ቢላቸው አሻፈረኝ ብለዋል። እኛም ስኳር ይዘን መመላለስ ጀመርን። ሐጂ መንገድ ላይ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ እርቁ ወርዷል፣ የእሳቸውን መቃብር እሱ ከቆፈረ ወላሂ ከዚያ በኋላ የሚናገር አፍ የለም ይሉናል። ከዚያ እንገባና እንዴት አደሩ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ወጣ ወይ፣ ትንፋሽስ ያጥርዎታል ወይ እያልን እንጠይቃለን። አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ ጎረቤት ያፈላላቸውን ሻይ እንድንጠጣ ይጋብዙናል።

አንድ ቀን ሐጂ አላህ ያሽርዎ ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ሴትዮዋ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

“እኔን ነው አሉ የምትጠብቁ።”

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ሲስተር ያስቀመጠችውን ስኳር አንሥታ እዚያው መልሳ አስቀመጠችው። እኔ፣ ለሁሉ መልስ የማላጣው፣ ጫማዬን አየሁ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር፤ አልተቆጡም። በጉን አጎቶቹ በሉት፣ ሽማግሌዎቹ በሉት፤ ልጁን የወለድሁት እኔ፣ ይቅር ያሉት እነሱ፤ አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ ማን አለ? አሉን። ቅሬውን፣ ቀበሌውን፣ መታወቂያውን፣ ሁሉን አስበን ነበር። እሳቸውን ግን ቤታቸው ተቀምጠን ሻያቸውን እየጠጣን እንኳ አልጠየቅናቸውም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሐጂ እንደ ምንም ብለው፣ እንግዲህ እርስዎ ያሉት ይሆናል አሏቸው።

“ሐኪም ቤት አልሄድም ያልሁት ቃሬዛዬን የሚይዝ ልጅ ስለሌለኝ ነው” አሉ። “እሱ ይምጣና ይሸከመኝ። ሞቼ ቢሸከመኝማ እንዴት አድርጎ እንደያዘኝ በምን አውቃለሁ?”

ቃሬዛው የሚቀመጠው ከቅሬው ዳኛ ቤት ነው፤ ልናመጣው ሄድን። ዳኛው ቅሬውን የሚመሩት፣ ደንብ ሲነካባቸው ፊታቸው የሚቀላ ሰው ናቸው። አባል ያልሆነ ቃሬዛ አያነሣም፣ ስብሰባ ይጠራ ብለው ዳገቱን ወጥተው መጡ። ሴትዮዋ ከውስጥ፣ ይጠራ፣ ሲያልቅ ግን የምታወጡት ሬሳዬን ነው አሏቸው። ዳኛው አኮረፉ፣ በመጨረሻ ቃሬዛው እንዳይሰበር አብሬ እሄዳለሁ አሉ።

ሰውየው መጣና ከበሩ ላይ ቆመ። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣው ሰው፣ አንዲት አሮጊት ፊት መግባት አቅቶት መቃኑን ይዟል። ሐጂ ክንዱን ይዘው አስገቡት። ሴትዮዋ ብዙ አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉለት፣ አቅፎ ከአልጋው ወደ ቃሬዛው አወረዳቸው።

የፊቱን ቀኝ እሱ ያዘ፤ ሌላውን ሦስት የሰፈር ሰዎች ያዙ። በመንገድ ላይ ትከሻ መቀያየር የቅሬ ወግ ነው፤ እሱ አልቀይርም አለ። እሳቸው ከላይ ሆነው ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ ይሉታል፤ እሱ እሺ እማማ ይላል። አቀበቱ ላይ ከፊት በግራ የያዘው ሰው ሲደክም የሚተካው ጠፋና፣ ቃሬዛ ሊጠብቁ የመጡት ዳኛ ትከሻቸውን ሰጡ፤ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን። ሆስፒታል ስንደርስ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ይኸ ሰው መሸከም ያውቃል አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሲመለስ ቃሬዛውን እሱው ይዞት ይምጣ፣ ከቤቴ ያስቀምጠዋል አሉ። ስብሰባውንም ደንቡንም አላነሡም። እኔም በልቤ እልል አልሁ።

ካርድ ክፍል የነበረው ልጅ አስታማሚያቸው ማን ነው አለ። ሲስተር እኔ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሴትዮዋ ወደ ሰውየው አመለከቱ። ልጁ ምንዎ ነው ብሎ ጠየቃቸው።

“ልጄን የገደለብኝ ነው” አሉት።

ልጁ ቀና ብሎ እኛን አየን። ማናችንም አላስተባበልንም። ሰውየው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተደፋ፤ ሲፈረድበት ያላለቀሰው ሰው እግራቸውን ይዞ ይንሰቀሰቅ ጀመር። እኔም አለቀስሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ። እሳቸው እጃቸውን ራሱ ላይ ጣል አደረጉ።

“በል ተነሥ” አሉት። “አስታማሚዬ አይደለህ? ውሃ ጠምቶኛል።”