ድንጋይ የሚሰምጥበት ጨዋታ

የእህቴ ልጅ ስልኩን ሰጥቶኝ አዲሱን ጌም ሞከርኩት። አልወደድኩትም። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ገደል ሲገባ እዚያው ያስነሳውና ማስታወቂያ ያሳያል። ይሄም ጨዋታ ሆኖ።

በደርግ ጊዜ አጎቴ ከጅቡቲ በባቡር ያመጣልኝ የእጅ ጌም ጨካኝ ነበር። አንዲት ትንሽዬ ሰው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ወንዝ ትሻገራለች፤ ትንሽ ከቆመች ድንጋዩ ይሰምጣል። ባትሪው ካለቀ ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ ሌላ አይገኝም ነበር።

አንድ ቀን በረንዳችን ላይ ወንዙን ልጨርስ ስል ጎረቤታችን አባባ ተሰማ አጠገቤ ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ልጃቸውን የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወስዶባቸው ነበር።

«ውሃው እስኪያልፍ ለምን ዳር ሆና አትጠብቅም?» አሉኝ።

«አባባ፣ ጨዋታው እኮ አያስጠብቅም» ብዬ ቀና ስል ሰመጠች። ንድድ አለኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።

ትንሿ ሰው ዳር ላይ ብቅ ስትል አባባ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«ትነሳለች እንዴ?»

«አዎ፣ ትነሳለች» አልኩ እየተነጫነጭኩ። «እጅዎን ያንሱልኝ፣ አይታየኝም።»

አላነሱም።

አሁን የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ሰውዬው ገደል ገባ፤ ተነሳ። ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ተነሳ። ስልኩን መለስኩለት።