አሥራ ሰባትን የማያስገባው ቁጥር

የመስቀል ቅርጫ አልቆ ነበር። የተዋስኩትን መጥረቢያ ልመልስ ጋሼ ደመላሽ ግቢ ስገባ ሰዎቹ ድርሻቸውን ይዘው ሄደዋል። እሳቸው የራሳቸውን የሥጋ መደብ ከእንሰት ቅጠሉ ላይ እያነሱ የእታገኝ ሳፋ ውስጥ ይጨምራሉ። እታገኝ ባሏ የሞተባት፣ ከፍስሐ ገነት በቅርቡ መጥታ ዲላ ገበያ ቆጮ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት።

«የተረፈ ነው፤ ውሰጂ» አሏት።

ከቅርጫ የሚተርፍ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ አመሰገነችና ሄደች።

ጋሼ ደመላሽ ሬኮ በሚባለው የቡና ማጠቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልገቡም። በሰፈራችን ሥጋ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። መደቡ በዕጣ ስለሚወሰድ አንዱ ከሌላው ካነሰ ሐሜቱ የሚያርፈው በመዳቢው ላይ ነው። ቁጥር ውስጥ የከተታቸውም ይኸው ጭንቀት ነው። የቅርጫው ሰው አንዳንዴ ይጎድላል፣ አንዳንዴ ይሞላል፤ ስንትም ቢመጣ ያለ ትራፊ የሚካፈል ቁጥር ይኖር ይሆን ብለው በእርሳስ ሲፈልጉ ከረሙ። ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ላለው ሁሉ እኩል የሚደርሰውን ትንሹን ቁጥር አገኙት፤ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ። እኔም ቤቴ አካፍዬ አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው። እሳቸው እስኪያገኙት ድረስ እዚያው ሆኖ ሲጠብቅ እንደነበር ሳስብ ተመስገን እላለሁ።

«እታገኝ ለምን ቅርጫው ውስጥ አትገባም?» አልኳቸው።

«ድርሻዬን ከፍዬ ልግባ ብላለች። እንግዳ ነው እምቢ ያለው።» እንግዳ የቅርጫው ሰብሳቢ ስም ነው። «‹አሥራ ስድስት ነን፤ በሬው ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ እየተባለ ያልቃል፤ አሥራ ሰባት በምን ይመደባል?› አለኝ።»

«ያ ቁጥርዎስ?»

«እሱም አላስገባትም። ለአሥራ ሰባት ስታካፍለው አምስት ይተርፋል።» ፈገግ አሉ። «እንግዳ ይህን ሰምቶ ‹ጋሼ፣ ቁጥርዎም ከእኔ ጋር ነው› እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ።»

ቢላዋቸውን በቅጠል ጠረጉ።

«ትናንት ግን አሥራ ስምንትን ሞከርኩ። ምንም ሳልጨምርበት ገባ፤ ለእያንዳንዱ አርባ ሺህ አርባ። ለካ ሁለትና ዘጠኝ ቀድመው ውስጡ ነበሩ። በሬውም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ግማሹን ለሦስት፣ ሲሶውን ደግሞ ለሦስት። ዛሬ ጠዋት ለእንግዳ ነገርኩት። ‹አንድ ሰው ጨምረው ካመጡ ለፋሲካ ትግባ› አለ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ሰውየው ነዋ። አንተ የበዓል ሥጋ ከየት ነው የምትገዛው?»

«ከሉካንዳ።»

«ብቻህን ተሰልፈህ።» መጥረቢያውን ተቀብለውኝ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «እንግዲህ ባልቻ፣ አስቸግርሃለሁ። ለፋሲካ አሥራ ስምንተኛ ሁንልኝ። እሷም የተረፈ ነው እየተባለች ከመቀበል ትውጣ።»