ደላንታ እንለው ነበር

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ደሴ ሄጄ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ረዳት «ደላንታ! ደላንታ!» እያለ ሲጣራ ደንግጬ ዞርኩ። ለኔ ደላንታ የመኪና መድረሻ አይደለም፤ ሰው ነው። ወዲያው ያ አዲስ የታጨደ ሰሊጥ ሽታ፣ እጅ ላይ ተጣብቆ በሳሙና እንኳ የማይለቀው፣ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ያኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ቆላ ውስጥ፣ ከኮኪት ከተማ ወዲያ ባለ የሰሊጥ እርሻ አጫጅ ነበርኩ። በረሃ ውስጥ ስም አይጠየቅም፤ ሰው በመጣበት አገር ነው የሚጠራው። እኔ ሰከላ ነበርኩ። አጠገቤ የሚተኛው፣ በአጨዳ ማንም የማይደርስበት ረጅሙ ልጅ ደግሞ ደላንታ።

ሙቀቱ ሲያነደን ላቡን በክንዱ እየጠረገ «እኛ አገር አሁን ገብሱ ላይ ውርጭ ወርዷል» ይለናል። «ደላንታ፣ እስቲ ከውርጩ ትንሽ አስልክልን» እንለው ነበር። ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ማጭዱን ጥሎ ተቀመጠ። ወባ ነው አልን። የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ «ነገ ይነሳል» አለ፤ እኔም ማመኑ ቀለለኝ። በሦስተኛው ቀን «ሰከላ፣ ብሞት ለእናቴ ንገርልኝ» አለኝ። «አትሞትም ባክህ፤ ብትሞትም እነግርልሃለሁ» አልኩት፣ እየቀለድኩ። ማታውን ትኩሳቱ አንደበቱን ያዘው። ጠዋት የእህል መኪና ላይ ጭነነው ኮኪት ሳንደርስ አረፈ።

የኮኪት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ለፍትሐት ቆመው «የክርስትና ስሙን ንገሩኝ» አሉ።

«ደላንታ ነው የምንለው፣ አባ» አለ ካቦው።

«አገሩን አይደለም የጠየቅኋችሁ።»

ኪሱን ፈተሽን፣ ፌስታሉን ገለበጥን፤ መታወቂያ የለው፣ ወረቀት የለው። ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አንድ ሸራ ላይ ተኝተን፣ አንድ ቀን እንኳ ስምህ ማነው አላልኩትም። እሱም የኔን አልጠየቀኝም፤ ግን ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ቄሱ «እንግዲህ የፈጠረው ያውቀዋል» ብለው ፍትሐቱን ጀመሩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤ አንድ ሰው ነው የቀረን» አለኝ ረዳቱ። አንድ እግሬን የመኪናው ደረጃ ላይ አድርጌ ነበር። እዚያ አንዲት እናት አለች፤ ልጄ ከበረሃ ይመጣል ብላ እስካሁን በር በሩን ታይ ይሆናል። እግሬን መልሼ አወረድኩ። ሄጄስ የማን እናት ብዬ እጠይቃለሁ? እዚያ ሁሉም ደላንታ ነው።