ልጄን ዳቦ ያበላሁባቸው ሳምንታት

ከሰዓት በኋላ ስተኛ በህልሜ ዳቦ እበላለሁ። በዚያ ሰዓት ካርቲየ አራት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የማይተኛ ፍጥረት የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ ፍየሎቹ ጥላ ይዘው ይጋደማሉ፣ የጣሪያው ማራገቢያ ያንኑ ትኩስ አየር ያዞረዋል፣ እኔንም ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ይወስደኛል። ትኩስ ባጌት ነው፣ ያ ረጅሙ ዳቦ። በመሃል ሰንጥቄ ቅቤ እቀባዋለሁ፣ ቅርፊቱ ሲሰበር ድምፁ ይሰማኛል። ከዚያ እዚያው ህልሜ ውስጥ «ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ራሴ ላይ እጮሃለሁ፤ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ከነቃሁም በኋላ ትንሽ ቆይቼ ምላሴን እያዞርኩ ፍርፋሪ እፈልጋለሁ።

ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለብኝ። ስንዴና ገብስ አንጀቴን ያቆስሉታል። ከድሬዳዋ ተድሬ ወደዚህ የወደብ ከተማ የመጣሁ ሰሞን ምንም ልብላ ምን ሆዴ ይነፋ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች ያረገዝኩ መስሏቸው «ማብሩክ!» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ከሽንት ቤት አልወጣም። ከስቼ ከስቼ አጥንቴ ሲቀር አንድ ሐኪም የበሽታውን ስም ነገረኝ። «እናንተማ ጤፍ አላችሁ፣ ምን ትሆኛለሽ?» አለኝ። አዎ፣ አለን! እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት የምታውቀው ግን ጋጋሪዋ ብቻ ናት። አንዷን «ስንዴ አለበት?» ብላት፣ «ወላሂ ጤፍ ነው! እንዲለሰልስ ብዬ ትንሽ ዱቄት ጣል አድርጌበታለሁ እንጂ» አለችኝ። ያቺ ትንሽ ዱቄት ሦስት ቀን አስተኛችኝ። ከዚያ ወዲህ ባሌ የሚያውቃቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች ከአገር ቤት ጤፍ ያመጡልኛል፤ እኔም የራሴን ጋግሬ በራሴ ሳህን እበላለሁ።

በራሴ ሳህን ሲባል ቀላል ይመስላል። እኛ ቤት ምሳ የሚቀርበው በአንድ ትልቅ ትሪ ነው። ሩዙና ወጡ መሃል ላይ ይሆናል፣ ዳቦው ዙሪያውን ይቆራረሳል፣ ሁሉም ዳቦ የነካ እጁን እዚያው ይሰዳል። ስለዚህ እኔ ራቅ ብዬ መስኮቱ ስር እቀመጣለሁ። አማቴ መጀመሪያ ላይ «ይቺ ልጅ ተጸየፈችን» ብላ አኩርፋኝ ነበር፣ በኋላ ግን ለመደችው። እኔም «ተዉኝ አቦ፣ እዚህ ሥጋዬን የሚሻማኝ የለም» እያልኩ አስቃቸዋለሁ። ደልቶኛል ብለው አመኑኝ።

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት መክሳት ጀመረች። ሆዷ ተነፋ፣ ፊቷ ገረጣ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ትተኛለች። ሐኪሙ በሽታው በዘር እንደሚሄድ ነግሮኝ ስለነበር ያ ረቢ፣ ሰጠኋት ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ማንንም ሳላማክር ዳቦ ከለከልኳት። ከአንድ ወር በላይ ቆይቼ ወደ ሐኪሙ ስወስዳት ሰውየው ራሱን ያዘ። «ዳቦ ካቆመች በሽታው ቢኖርም ደሟ ላይ ላይታይ ይችላል። እንደገና በየቀኑ አብያት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደም እንወስዳለን» አለኝ።

ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በገዛ እጄ መርዝ ላብላት? ባሌን ብጠይቀው «እሱ ተምሮ ነው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለኝ። አበላኋት።

እነዚያን ሳምንታት አሁን ሳስባቸው የኖርኳቸው ሳይሆን ያለምኳቸው ይመስለኛል። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ዳቦ ሻጯ ጥግ ላይ ዘንቢሏን በጨርቅ ሸፍና ትጠብቀናለች። ግማሽ ባጌት ገዝተን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ እንሄዳለን፤ ባቡሩ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፣ ግንቡ ግን አሁንም ጥላ አለው። እዚያ ተቀምጣ ትበላለች፣ እኔ አያታለሁ። የባሕሩ ነፋስ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ ያራግፍላታል። እያንዳንዱን ጉርሻ ስትውጥ እቆጥራለሁ። ሽታው ደግሞ! አፌ ውኃ ሲሞላ በራሴ አፍራለሁ። ከሰዓት በኋላ ስተኛ ሁለታችንም ስንበላ አልማለሁ፣ በዚያ ህልም ውስጥ የሚጮህብን የለም።

ደሟ ተወስዶ ወደ ውጭ አገር ተላከ። እግረ መንገዱንም ሰገራዋ ይታይ ተባለ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አጣሁ፤ በየሶላቴ «ከሷ አንሳና እኔ ላይ ጨምረው» እላለሁ።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ጋ የሄድኩት ብቻዬን ነበር። «ደሟ ንጹህ ነው። ወስፋት ነው ያለባት» አለኝ። ወስፋት! ልስመው ምንም አልቀረኝም። ኪኒኑን ጨብጬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል ደረስኩ። «ወስፋት ነው!» ብዬ ስጮህ አማቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጄ ግን ማልቀስ ጀመረች።

«ኪኒኑ አይመርም እኮ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ካንቺ ጋር ልበላ ነበር» አለች። «አሁን ብቻሽን ልትቀሪ ነው።»

«አንቺ! በሽታ ይመኙታል? ሁለተኛ እንዳልሰማሽ!»

ጩኸቴ ልክ አልነበረውም፤ አማቴ ራሷ ደንግጣ አየችኝ። ለምን እንደጮህኩ አሁን ልናገር። ሐኪሙ «ንጹህ ነው» ሲለኝ ከደስታዬ ስር የሆነ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር። ለአንዲት ቅጽበት ያህል ጓደኛ አጣሁ ብዬ አስቤአለሁ። እናት ሆኜ! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጄ ተነሥታ ወጣች። አኩርፋ የሄደች መስሎኝ ሳህኔን ይዤ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ስትመለስ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ይሸታል። ትሪውን አልፋ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ከእንጀራዬ ቆርሳ በወጡ ጠቀለለችና አፌ ላይ ደቀነችው። ከታመምኩ ጀምሮ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም፤ የሁሉም እጅ ዳቦ ነክቶ ነው። ጎረስኩ። ማኘክ አቃተኝ፣ እንባዬ ሁሉም ፊት ወረደ።

«እማ፣ በጣም ትልቅ አደረግኩት እንዴ?» አለችኝ ደንግጣ።

«ትልቅ ነው» አልኳት። «ድገሚኝ።»