የአባቴ ቤልጅግ መቀርቀሪያ

ሚዜዬ የነበረው ሰው የአባቴን ጠመንጃ መቀርቀሪያ ሰርቆ የራሱን ያረጀ መቀርቀሪያ ተካበት። ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ ነው ያደረገው።

ጠመንጃው ቤልጅግ ነው፤ ጥይት በመቀርቀሪያ የሚያጎርሱት የድሮ መሣሪያ። አምባሰል ገደል ሥር ማሽላ የሚዘራ ሰው ዝንጀሮን ያውቃል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቼ የመንደሩን ሁሉ ማሳ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼ በምላሹ የእኔን ያርሙልኛል፣ ያጭዱልኛል። አባቴም እንዲሁ ነው የኖረው። አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ከተተኮሰች መንጋው ሳምንት አይመለስም ነበር።

ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ሰዉ የደበቀውን መሣሪያ እያወጣ ማደስ ጀመረ። የእኔ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ ማነጣጠሪያውም ተጣሟል። ሐይቅ ከተማ ወስጄ ለሚዜዬ ሰጠሁት። ሥራው በርና አልጋ ነው፤ የጠመንጃ እንጨት ግን እንደሱ የሚያለሰልስ አላየሁም።

"ይኸንን እንኳን ዝንጀሮ ዶሮም አይፈራው" አለኝ ሽቦውን እየነካካ።

"ዶሮ የለኝም። ዝም ብለህ ሥራው።"

"አብሽር፣ ሙሽራ አድርጌ ነው የማስረክብህ።"

እውነትም ሙሽራ አደረገው። የዋንዛ ሰደፍ፣ አዲስ የቆዳ ማንገቻ፣ የተቃና ማነጣጠሪያ። ብረቱ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። መርቄው ተመለስኩ።

በዚያው መኸር ጠመንጃው ከሦስት ጥይት አንዱን ማክሸፍ ጀመረ። የተኮሰውም ቢሆን ቀለሃው ተጣብቆ በእንጨት ካልተገፋ አይወጣም። ሄጄ ነገርኩት።

"ጥይትህ እርጥበት ገብቶት ነው" አለ። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህም እጅህም ደክሟል። ተቀበለው" አለኝ። አመንኩት። ዓይኔን እያሸሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቃታውን ስስብ ቀጭ ይላል፤ ዝንጀሮው ቀና ብሎ አይቶኝ መብላቱን ይቀጥላል። አንዲት ጎረቤቴ ከታች ሆና "አያ፣ ወንጭፍ ላውስህ?" አለችኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዓመቱ ማማውን ክላሽ ላለው ሰው ሰጡት። የእኔን ማሳ ሊያርም የመጣ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈታሁ። በንዴት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። መጀመሪያ የለመድኩት ቁጥር ነው፣ ፊደሉ ኋላ መጣ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። ሚዜዬ ደውሎ "አንተ ምን ትሆናለህ፣ የአባትህ ጠመንጃ አለልህ" አለኝ። እንደሚከሽፍ እያወቀ ነው ይህን ያለኝ። እኔ ግን ጠመንጃውን በላስቲክ ጠቅልዬ በረት ውስጥ ቀበርኩና ልጆቼን ይዤ ሸሸሁ። ተማምኜበት ሰው ፊት ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቆፍሬ አወጣሁት። ፈታትቼ ዘይት ስቀባ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበብኩ። በ7 ያበቃል። የመቀርቀሪያውን አነበብኩ። በ2 ያበቃል። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ግን አንድ ወታደር የሁለቱ ቁጥር አንድ እንደሆነ ነግሮት ዕድሜውን ሙሉ ሲኩራራበት ኖሯል። ጠመንጃው ደግሞ ከእኔ ቤት ወጥቶ የገባው አንድ ቤት ብቻ ነው።

ሐይቅ ወረድኩ። በር እየላገ አገኘሁት።

"ቁጥሩን አነበብኩት" አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የቻልከው?" አለኝ።

አልሰረቅሁም አላለም። ምን ቁጥር ብሎም አልጠየቀኝም።

ሽማግሌ ገባበት። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። እሱም ቤልጅግ አለው፤ የእሱ መቀርቀሪያ ጥይት የሚመታው መርፌና ቀለሃ የሚስበው ጥርስ አልቀው ስለነበር የእኔን ወስዶ ተክቶበታል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ጠመንጃ አስወጥተው፣ ቁጥሩን እኔው እንዳነብላቸው አድርገው፣ እዚያው አለዋወጡን።

"አፉ በለኝ" አለ መሬት መሬት እያየ።

ሽማግሌዎቹን አክብሬ "አፉ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጥኩም። ማማውም እንደሄደ ቀረ፤ "ዓይንህ ደህና ነበር ለካ" ብሎ የመለሰልኝ የለም።

የታረቅን ዕለት ቤቴ ገብቼ እሱ ባለሰለሰው የዋንዛ ሰደፍ ላይ በቢላ፣ በራሴ እጅ ጻፍኩበት፦ ዓርብ ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.