አክስቴ የቋጠሩት በሶ

ጦርነቱ በበረታ ጊዜ፣ አንድ ቀን ሆጤ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ አክስቴ፣ እናቴ፣ ሁለት ጎረቤቶቻችንና ልጄን ያዘልኩ እኔ ነበርን። ለዘማቾች በሶ እንቋጥራለን። ልጃቸው የዘመተባቸው አክስቴ ከረጢቱን ሁሉ ከነጠላቸው ጥለት በመዘዙት ቀይ ክር ያስራሉ።

"ኧረ እቴ፣ ነጠላሽ አለቀ!" አለቻቸው እናቴ።

"ይለቅ! ልጄ ቋጠሮዬን ያውቃል።"

በሳምንቱ ከአክስቴ ጋር ኮምቦልቻ ገበያ ወረድን። ከረጢቶቹ ከነቀይ ክራቸው ተደርድረው ይሸጣሉ።

"እማማ፣ ይውሰዱ፤ ወላሂ አልተፈታም፣ ለዘማች የተሰናዳ ነው!" አላቸው ነጋዴው።

አክስቴ ክሩን ዳሰሱ። በማግስቱ ግን ሲቋጥሩ አገኘኋቸው።

"አንዱ እንኳ ቢደርሰው" አሉኝ።

የልጃቸውን ወሬ ሳይሰሙ አረፉ። ጥለት አልባው ነጠላቸው እኔ ጋ ተሰቅሏል።

ልጃቸው ከሐርቡ ነው የዘመተው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ያያችሁት ካላችሁ፣ ሞቶም ቢሆን፣ እባካችሁ ንገሩን።